ለሁልጊዜ ነው ወይስ ለሙከራ? ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ካዛንቺስ የተመለሰ ቤተሰብ

ጉዳዩ የአንድ ቤተሰብ ነው። ባልና ሚስት፣ የ12 ዓመት ሴት ልጅ፣ የ8 ዓመት ወንድ ልጅ። ይኖሩ የነበረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሐበሻ በብዛት የሚኖርበት አካባቢ ነው። አባትየው ከተማሪነቱ ጀምሮ እዚያ ነበር። እናትየው አግብታ ነው የሄደችው። ሁለቱም ልጆች እዚያው ተወለዱ። ሰኔ 2016 ዓ.ም. ጓዛቸውን ይዘው ቦሌ አረፉ። እናትየው የሩቅ ዘመዴ ናት። ስማቸውን ሳልጠራ ታሪኩን እንድጽፈው ፈቅደውልኛል።

ለመመለስ ያነሳሳቸው ነገር አዲስ አይደለም። የእናትየው እናት ካዛንቺስ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ዕድሜያቸው 70ን አልፏል። እናትየው ነርስ ናት፣ እዚያ የሌሊት ፈረቃ ትሠራ ነበር። አባትየው የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። መሥሪያ ቤቱ ከኮሮና ወዲህ ከቤት እንዲሠራ ፈቅዶለታል። ባልና ሚስት አብረው ራት የሚበሉት አልፎ አልፎ ነበር። ልጆቹ አማርኛ ይሰማሉ፣ መልሳቸው ግን በእንግሊዝኛ ነው። "አያታቸውን በሕይወት እያሉ ይወቋቸው" የሚለው ሐሳብ የመጣው ከአባትየው ነው።

ዕቅዱ በወረቀት ላይ ያማረ ነበር። ከአያትየው ቤት በእግር የሚደረስ ቤት መከራየት። ልጆቹን ከትምህርት ቤት አያት ይቀበላሉ። እናት እዚህ ሆስፒታል ትቀጠራለች። አባት ላፕቶፑን ይዞ በአሜሪካ ደመወዝ አዲስ አበባ ይኖራል።

ያልተነጋገሩበት አንድ ነገር ነበር። የመጡት ለሁልጊዜ ነው ወይስ ለሙከራ? አባትየው ለዘመድ ሁሉ "ጠቅልለን ገባን" ይላል። እናትየው "እስኪ እናየዋለን" ትላለች። ልጆቹ ደግሞ ለጓደኞቻቸው "ለሁለት ክረምት ነው" ብለው ነው የተሰናበቱት። ይህ ልዩነት መጀመሪያ ላይ ቀላል ይመስል ነበር። ኋላ ላይ ግን የገቡበት መሥሪያ ቤት ሁሉ፣ የቆሙበት መስኮት ሁሉ ይህንኑ ጥያቄ ጠየቃቸው። በመልሱ ልክ ዋጋውም ይለያያል።

ከወረቀቱ እንጀምር። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት አትፈቅድም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 እንደሚለው፣ በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጠራል። አባትየው አሜሪካዊ ዜጋ ሆኗል። ስለዚህ በሕግ ዓይን የውጭ አገር ሰው ነው። የሚያድነው ቢጫ ካርድ ነው፣ ማለትም በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የመጣው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ። ቢጫ ካርድ የያዘ ሰው ያለ ቪዛ ይኖራል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራል። መምረጥና መመረጥ አይችልም። በመከላከያ፣ በደኅንነትና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶችም አይቀጠርም። ለእሱ ይህ ብዙም አላሳሰበውም። ልጆቹንም በዚሁ ካርድ አስገባቸው።

እናትየው ግን ሌላ ነች። የኢትዮጵያ ፓስፖርቷን አልለቀቀችም። አሜሪካ የኖረችው በግሪን ካርድ ነው። የዜጋ ሚስት ስለሆነች ዜግነቱን ከጥቂት ዓመት በኋላ ማግኘት ትችል ነበር። "ፓስፖርቴን ለማንም አልሰጥም" ብላ አልጠየቀችም። ይህ እልኋ አዲስ አበባ ሲደርሱ ትልቅ ሀብት ሆነ። ፋይዳ፣ የነዋሪነት መታወቂያ፣ የባንክ ሒሳብ፣ የኪራይ ውል፣ ሁሉም በእሷ ስም በቶሎ አለቀ። ባልየው ቢጫ ካርዱን ይዞ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲመላለስ፣ እሷ ጉዳዩን ጨርሳ ማኪያቶ እያዘዘች ትጠብቀው ነበር።

የግሪን ካርዱ ጣጣ የሚመጣው ከአሜሪካ በኩል ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ከአሜሪካ ከአንድ ዓመት በላይ ከራቀ ነዋሪነቱን እንደተወ ሊቆጠርበት ይችላል። መፍትሔው ዳግም መግቢያ ፈቃድ ነው። ፈቃዱ ለሁለት ዓመት ያገለግላል። ማመልከት የሚቻለው ግን እዚያው አሜሪካ ምድር ላይ ሆኖ ነው። የጣት አሻራም ይሰጣል። እናትየው ይህን የሰማችው ከአንዲት የሥራ ባልደረባዋ ነው። ትኬቱን አስተላልፋ፣ አመልክታ፣ አሻራ ሰጥታ ነው የወጣችው። ባልየው ያኔ ተናዶ ነበር። "ጠቅልለን እየሄድን ፈቃዱ ምን ያደርግልናል?" አላት። እኔ በዚህ ነገር ከእሷ ጋር ነኝ። ሁለት ዓመት የሚያገለግል በር ክፍት መተው መክዳት አይደለም።

የዕቃው ነገር ብዙ አያስወራም። ኮንቴይነራቸው ከባልቲሞር ሊወጣ ነበር። መጋቢት 17 ቀን 2016 ዓ.ም. መርከብ የባልቲሞርን ትልቁን ድልድይ መትቶ ጣለውና ወደቡ ተዘጋ። ዕቃው በሌላ ወደብ ዞሮ ወጣ። ቀይ ባሕርም ሰላም አልነበረም፤ የየመን ሁቲዎች መርከቦችን ይመቱ ነበር። እስኪደርስ ድረስ ቤተሰቡ በተከራየው ቤት ወለል ላይ ፍራሽ ዘርግቶ ከረመ። መኪናቸውን ሊጭኑ አስበው ነበር። ግን በ2016 አጋማሽ መንግሥት የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባትን ስለከለከለ እዚያው ሸጡት። ጉምሩክ ደግሞ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀ። የቤት ዕቃ ከቀረጥ ነጻ የሚገባው ለዘለቄታው ለሚመለስ ነው፤ ከኤምባሲው ደብዳቤ ያስፈልጋል። አባትየው "ለዘለቄታው" ብሎ ፈረመ። እናትየው ቦርሳዋ ውስጥ ዳግም መግቢያ ፈቃዱን እንደያዘች አጠገቡ ቆማለች።

ኮንቴይነሩ ሲከፈት ሌላ ጉድ ወጣ። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። የሩዝ ማብሰያው በመጀመሪያው ቀን ጭስ አወጣ። ብሌንደሩ ተከተለው። ትልቁ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ዛሬም በረንዳ ላይ ቆሟል። ትራንስፎርመር ገዝተው ሞክረው ነበር። ማሽኑ እያቃሰተ ይሽከረከርና መሀል ላይ ቀጥ ይላል። አሁን ሠራተኛዋ ሽንኩርትና ድንች ታስቀምጥበታለች። ከአሜሪካ ዕቃ ለመጫን የሚያስብ ሰው ሶኬት ያለውን ነገር እዚያው ቢሸጥ ይሻለዋል። መጽሐፍ፣ አንሶላ፣ የልጆች ብስክሌት ይምጣ።

ቤት የተከራዩት ኡራኤል አካባቢ ነው፣ ፎቅ ላይ። ከአያትየው ቤት በእግር ትንሽ ነው። ደላላው ያገናኛቸው አከራይ የስድስት ወር ቅድሚያ ጠየቀ። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት። ዘመኑም ከሁለት ዓመት አያንስም። የኪራይ ጭማሪ ጣሪያ የሚወሰነው በዓመት አንዴ በከተማው ነው። እናትየው አዋጁን ስልኳ ላይ ከፍታ ለአከራዩ አሳየችው።

"እሱ እኮ ለወረዳው ነው፣ እኛ ደግሞ እንግባባለን" አላት ሰውየው እየሳቀ።

"ጋሼ፣ ወረዳው እኛን ካላስማማ በምን እንግባባለን?" አለችው።

ሁለት ቀን ተኮራረፉ። ከዚያ በሁለት ወር ቅድሚያ ተስማሙ። አከራዩ ግን ሌላ ነገር አመጣ። ውሉ ላይ ዝቅ ያለ ብር ይጻፍ፣ ቀሪው በእጅ ይሰጠኝ አለ። ከተማው ውስጥ ይህን የማይሰማ ተከራይ የለም። ግብሩን ለማሳነስ ነው። እናትየው እምቢ አለች። በእጅ የሰጠሽው ገንዘብ ደረሰኝ የለውም፣ ነገ ጠብ ቢነሳ ማስረጃሽ ምንድን ነው? ስለዚህ ኪራዩ ትንሽ ከፍ ብሎ ሙሉው ውሉ ላይ ተጻፈ። ነሐሴ 2016 ለሁለት ዓመት ተመዘገበ። ዲያስፖራ ሁሉ የሚታለል ለሚመስለው ሰው ይህ ይነገረው።

የገንዘቡ ነገር ግን አልቀናቸውም። ለመጀመሪያው ዓመት ኑሮና ለትምህርት ቤት ብለው ሰኔ ላይ 30 ሺህ ዶላር በባንክ ወደ ብር ቀየሩ። ያኔ የባንኩ ምንዛሪ 57 ብር ገደማ ነበር። 1.7 ሚሊዮን ብር ሆነ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ለቀቀው። በሳምንታት ውስጥ ዶላር 100 ብርን አለፈ። ያው 30 ሺህ ዶላር ከ3 ሚሊዮን ብር በላይ ይመነዘር ነበር። አባትየው ለአንድ ወር ያህል ከሰው ጋር በደንብ አላወራም። በሌላ በኩል ደመወዙ በዶላር ስለሆነ ከዚያ ወዲህ በየወሩ የሚመነዝረው ብር ከፍ ብሏል። የዘይቱና የሥጋው ዋጋ ባለበት እንዳልቆመለት ግን ሸማች ሁሉ ያውቃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ይህ ቤተሰብ የመጣው ለአያትየው ነው። አያትየው ይኖሩ የነበረው ካዛንቺስ፣ የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። ከ40 ዓመት በላይ ኖረውበታል። በ2017 መጀመሪያ የኮሪደር ልማቱ ካዛንቺስ ደረሰ። ሰፈሩ ፈረሰ። ተነሺዎች ከሄዱባቸው ቦታዎች አንዱ አቃቂ ቃሊቲ በኩል ያለው ገላን ጉራ ነው። አያትየውም እዚያ ደረሳቸው።

እሳቸው ያገኙትን ቤት አልጠሉትም። ይህን መናገር ተገቢ ነው። የራሳቸው ሽንት ቤት አላቸው። ወለሉ ንጹሕ ነው። ከድሮው ቤታቸው ጋር ሲያስተያዩት "ይሄማ ሆቴል ነው" ይላሉ። የተበላሸው የልጃቸው ዕቅድ ነው። በእግር የሚደረሰው መንገድ አሁን ታክሲ እየቀያየሩ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ልጆቹን ከትምህርት ቤት የሚቀበል ሰው ጠፋ።

ዕድሩም ነበር። እናትየው በመጣች በወሩ የሰፈሩ ዕድር ውስጥ ተመዝግባ፣ መመዝገቢያ ከፍላለች። አንድ ቤተሰብ እንደገና የሰፈር ሰው መሆኑ የሚታወቀው በዚህ ነው ብላ ነው። ሰፈሩ ሲፈርስ ዕድሩ ስብሰባ ጠራ። እኔም ሄጄ ነበር። አጀንዳው ገንዘቡ አልነበረም። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሮቹና ትልልቆቹ ብረት ድስቶች የት ይቀመጡ ነው። አባላቱ አምስት ስድስት ቦታ ተበትነዋል። አንዱ ገላን ጉራ ይሁን አለ፣ ብዙ ሰው ያለው እዚያ ነው። ሌላው፣ "የሚሞተውስ ሰው የት እንደሚሞት ታውቃለህ?" አለውና ሰው ሳቀ። አንዲት እናት ዕቃው ተሸጦ ብሩ ይከፋፈል አሉ። ዝም ተባሉ። መጨረሻ ላይ አንድ የመኪና ጋራዥ ያለው አባል ዕቃውን ተቀበለ። መዋጮውም በቴሌብር እንዲሆን ተወሰነ። ስብሰባው በወር አንዴ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ኡራኤል ግቢ አካባቢ ይሆናል። ዕድሩ እስካሁን አለ። እንደ ዕድሩ ተበትኖ ያልፈረሰ ነገር ካዛንቺስ ውስጥ ብዙ አላየሁም።

ከዚያ በኋላ አያትየው መፍትሔውን ራሳቸው አመጡ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ልጃቸው ቤት፣ ቅዳሜና እሑድ ገላን ጉራ። "ቤቴን ዘግቼ አልተውም፣ ጎረቤት ገና እየለመድኩ ነው" አሉ። የ70 ዓመት ሴት እንደ ተማሪ ቦርሳ ይዛ ስትመላለስ ማየት ያሳዝናል የሚል ዘመድ አለ። ያን የሚለው ሰው እሳቸውን አያውቅም።

ልጆቹን በተመለከተ ቤተሰቡ የፈራው ለትልቋ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት፣ ጓደኞቿን ትታ የመጣች። ለትንሹ ማንም አላሰበም፣ ልጅ ነው ይለምዳል ተባለ። የሆነው ተቃራኒው ነው። ምክንያቱ ደግሞ የልጆቹ ጠባይ አይደለም፤ ሥርዓተ ትምህርቱ ነው።

ዓለም አቀፍ የሚባሉት ትምህርት ቤቶች ክፍያቸው ከአቅማቸው በላይ ሆነ። ስለዚህ ሁለቱም የአገሪቱን ሥርዓተ ትምህርት የሚያስተምር የግል ትምህርት ቤት ገቡ። በአዲሱ ሥርዓት አዲስ አበባ ውስጥ እስከ 6ኛ ክፍል የሚማሩት በአማርኛ ነው። ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ይሆናል። ትልቋ በቀጥታ 7ኛ ገባች። ሒሳቡም ሳይንሱም በምታውቀው ቋንቋ መጣላት። ቸገራት የተባለው አማርኛው ብቻ ነው። ትንሹ 3ኛ ክፍል ገባ። ሒሳቡ፣ የአካባቢ ሳይንሱ፣ ግብረ ገቡ፣ ሁሉም በአማርኛ። ፊደል እንኳን በቅጡ አይለይም።

አንድ ማታ ቤታቸው ሳለሁ የቤት ሥራውን አየሁት። የቃላት የሒሳብ ጥያቄ ነው። አንድ ገበሬ ብርቱካን ለቅሞ በሣጥን ያካፍላል። ልጁ ጣቱን ከፊደል ፊደል እያሻገረ ያነባል። "ገ...በ...ሬ" ብሎ አያቱን ቀና ብሎ ያያል። አያቱ ጭንቅላታቸውን ይነቀንቃሉ። ሁለተኛው መስመር ላይ ሲደርስ የመጀመሪያውን ረስቶታል። አያቱ ጥያቄውን በቃላቸው ሲነግሩት ወዲያው "ስድስት!" አለ። ማካፈል ያውቃል። የአጋማሽ ዓመት ውጤቱ ሲመጣ ግን ከክፍሉ መጨረሻ አካባቢ ነበር። አሜሪካ ሒሳብ ላይ ጎበዝ የሚባል ልጅ ነበር። በአንድ መንፈቅ ራሱን ደደብ ነኝ ማለት ጀመረ። እናትየው በዚያ ሳምንት ወደ አሜሪካ ትኬት ስታይ እንደነበር ነግራኛለች።

ያዳናቸው አስጠኚ ብቻ አይደለም። አያትየው ቄስ ትምህርት ቤት ያለፉ ናቸው። ልጁን ፊደል ያስቆጠሩት ራሳቸው ናቸው፤ "ሀ ሁ" ብለው፣ በስንጥር እያመለከቱ፣ ከትምህርት ቤት እንደመጣ ከመክሰስ በፊት። የክፍል መምህሯም ተባበረች። አንድ መንፈቅ ያህል የሒሳብ ፈተናውን ጥያቄውን እያነበበችለት እንዲሠራ ፈቀደች። ይህ በትምህርት ቤቱ ደንብ ያለ ነገር አይደለም። የእሷ ቅንነት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ልጁ ራሱ ማንበብ ችሏል፣ ፍጥነቱ ገና ቢሆንም።

ትልቋ መጀመሪያ እግር ኳስ ስትጫወት ትንፋሽ እያጠራት አለቀሰች። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ያደገ ሰው ሳንባ ይህን ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋል። ክፍል ውስጥ "ዲያስፖራዋ" ይሏታል። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ትውላለች። ያነባሉ ይባላል። እኔ ያየኋቸው ደረጃው ላይ ተቀምጠው ሲሳሳቁ ነው።

የአባትየው ሥራ በሰዓት ምክንያት ያልተጠበቀ ነገር አመጣ። ዋሽንግተን ጠዋት ቢሮ ሲገባ እኛ ጋ፣ በእነሱ የብርድ ወራት፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። ሥራው የሚያልቀው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመጡ ገና ትንሽ አብሯቸው ይሆናል፣ ከዚያ በሩን ይዘጋል። ራት ያለ እሱ ነው። ያ ሁሉ መንገድ ተኪዶ ራት አብሮ የመብላቱ ነገር እንደገና ቅዳሜና እሑድ ላይ ወደቀ። መብራት ሲጠፋ የሕንፃው ጄኔሬተር እስኪነሳ በስልኩ ኢንተርኔት ስብሰባውን ይጨርሳል፤ ለምዶታል። ግብር ደግሞ በሁለት በኩል ነው። አሜሪካዊ ዜጋ የትም ቢኖር በየዓመቱ ማሳወቅ አለበት። ኢትዮጵያም በዓመት ከ183 ቀን በላይ እዚህ የኖረን ሰው ነዋሪ ትለዋለች። የሁለቱንም አገር ሕግ የሚያውቅ የሒሳብ ባለሙያ ፈልገው አገኙ። ውድ ነው።

እናትየው ነርስነቷን እዚህ ለመቀጠል ዲግሪዋ መረጋገጥ ነበረበት። ከሚያረጋግጡት የአሜሪካ መሥሪያ ቤቶች፣ ከዚያ ኤምባሲ፣ ከዚያ እዚህ ውጭ ጉዳይ። ዲግሪውን አስረጋግጣ ነበር፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤውን ግን አላስረጋገጠችም። በውክልና ጓደኛዋ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ እስክትጨርስላት ወራት ሄደ። አሁን አንድ የግል ሆስፒታል ውስጥ በቀን ፈረቃ ትሠራለች። ደመወዙ ከልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያ ብዙም አይተርፍም። በቀን መሥራቷን ግን በምንም አትለውጠውም።

አሁን ያሉበት ሁኔታ እንዲህ ነው። የዳግም መግቢያ ፈቃዱ የሚያበቃው ሰኔ 2018 አካባቢ ነው። የኪራይ ውሉ የሚያልቀው ነሐሴ 2018። ትልቋ የ8ኛ ክፍል ከተማ አቀፍ ፈተና የምትወስደው ሰኔ 2018፣ አማርኛውንም ጨምሮ። ማንም ሳያቅደው ሦስቱም አንድ ክረምት ላይ ገጠሙ። በመጣንበት ዓመት ያልተነጋገርንበት ጉዳይ አሁን ቀጠሮ ተያዘለት ይላሉ።

ከብዙ ክርክር በኋላ ቅደም ተከተሉን ወስነዋል። የልጅቷ ፈተና ይቀድማል፣ በእሱ ላይ ምንም አይነካም። እናትየው ፈቃዱ ሳያልፍ ሚያዝያ ላይ ለሦስት ሳምንት ብቻዋን ወደ ሜሪላንድ ትሄዳለች፣ እዚያ ሆና እንደገና ታመለክታለች። ባይሳካ፣ ባልየው ዜጋ ስለሆነ ወደፊት እንደ ሚስት እንደገና ሊያስገባት ይችላል፤ ጊዜና ገንዘብ ይፈጃል እንጂ በሩ አይዘጋም። ይህን ካወቀች በኋላ እንቅልፍ እንደምትተኛ ነግራኛለች። ልጆቹም ተነግሯቸዋል፤ ቢያንስ እስከ ትንሹ 6ኛ ክፍል ፈተና ድረስ እዚህ ናቸው። ትልቋ አልተቃወመችም፣ በአንድ ቅድመ ሁኔታ፦ ክረምቱን ሲልቨር ስፕሪንግ አክስቷ ዘንድ ታሳልፋለች።

አባትየው ውሉ ለሌላ ሁለት ዓመት እንዲታደስ አከራዩን ጠይቋል። ሰውየው ከከተማው ጣሪያ በላይ ጭማሪ ይፈልጋል። እናትየው አዋጁን እንደገና ስልኳ ላይ አውርዳ እየጠበቀችው ነው።